እግር ፍሬን የሚሆነው መቼ ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ከዚራ ሰፈር የሚወጡትን ልጆች እወዳቸዋለሁ። ሳይክላቸውን ከዛፉ ሥር ደርድረው ይከራከራሉ። ሰሞኑን ክርክሩ ስለ ፊክስድ ነው። አንዱ «የኋላ ፍሬን ምን ይሠራል? አቦ፣ እግሬ እኮ ፍሬን ነው» ይላል። ሌላው ሁለት ፍሬን የሌለው ሳይክል መንገድ ላይ መውጣት የለበትም ባይ ነው። የእህቴ ልጅ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የወሬ ጉዳይ አይደለም።

ፊክስድን ለማያውቅ ልንገር። በተለመደው ሳይክል መርገጥ ስታቆም ጎማው ብቻውን ይሽከረከራል፤ እግርህ ያርፋል። ፊክስድ ላይ ግን የኋላው ጥርስ ከሞዞው ጋር የታሰረ ነው። ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉ ይዞራል፣ እግርህም አብሮ ይዞራል። ፔዳሉን ወደ ኋላ ገታ ስታደርገው የኋላው ጎማ ፍጥነቱን ይቀንሳል። «እግሬ ፍሬን ነው» የሚሉት ይህንን ነው። እውነታቸውን ነው።

ሕግም የሚደግፋቸው አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የብሪታንያ ደንብ ሳይክል ሁለት ፍሬን ይኑረው ይላል። ለፊክስድ ግን የፊቱ ብቻ ይበቃዋል፤ የኋላውን ሥራ እግር ይሠራል ተብሎ። ልብ በሉ፤ ደንቡ የማረው የኋላውን ነው። የፊቱን አልማረም።

እኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል። ሳይክሉን ማቅለል የፈለገ ልጅ መጀመሪያ የሚነቅለው የፊቱን ፍሬን ነው። «የፊቱን ከያዝክ በአፍጢምህ ትደፋለህ» ሲባል ነው ያደግነው። በአንድ ጊዜ አጥብቆ ለያዘው እውነት ነው። ግን ሳይክል ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል። የፊቱ ጎማ መሬቱን ይጨብጣል፤ የኋላው ይቀልና ይንሸራተታል። በእግር ብትገታው፣ በፍሬን ብትይዘው ለውጥ የለውም። ጎማው መሬት ካልያዘ የሚያቆምህ ነገር የለም።

በቁጥር ላስቀምጠው። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ስትሄድ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ የፊቱን በደንብ የሚይዝ ሰው 5 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በኋላው ጎማ ብቻ የሚቆም ግን ወደ 10 ሜትር ይፈልጋል። ይህ እጅህ ወይም እግርህ ሥራ ከጀመረ በኋላ ያለው ብቻ ነው። ልዩነቱ የሁለት ባጃጅ ርዝመት ያህል ነው። መጋላ ሰፈር ውስጥ ባጃጅ ድንገት ተሳፋሪ ለመጫን ሲቆም እነዚያን 5 ሜትሮች ከየት ታመጣቸዋለህ?

እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን ውስጥ አንድ ወጣት የፊት ፍሬን በሌለው ፊክስድ አንዲት እናት መንገድ ስትሻገር ገጭቶ ሕይወቷ አለፈ። በቀጣዩ ዓመት 18 ወር ተፈረደበት። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው ዝም አለ። ዝምታው ደስ አለኝ።

እንግዲህ የፊቱ ግዴታ ነው። ወደ ኋላው ልመለስ።

እግር ፍሬን የሚሆነው ከፔዳሉ ጋር ሲታሰር ነው። ፔዳሉ ወደ ላይ ሲመጣ ተጭነህ ትገታዋለህ፣ በሌላው እግርህ ደግሞ ወደ ላይ ትስባለህ። ለመሳብ ማሰሪያ ያስፈልጋል። ድሬ ላይ ስንቱ ነው እግሩን አስሮ የሚነዳው? እኛ እኮ በሸበጥ ነው የምንነዳው! ሸበጥ ያደረገ እግር ከሚሽከረከር ፔዳል ላይ ካመለጠ ፍሬኑም አብሮ አመለጠ። ፔዳሉ መዞሩን አያቆምም፤ ቁርጭምጭሚትህን እየመታ ይቀጥላል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የሰፈራችን ልጅ ሳቢያን አካባቢ እግሩ አመለጠውና ከአጥር ጋር ተላተመ። ሁለት ወር አነከሰ።

ሰንሰለቱም አለ። የእግር ኃይል ወደ ኋላው ጎማ የሚደርሰው በሰንሰለቱ ብቻ ነው። ሰንሰለቱ ከወለቀ ወይም ከተበጠሰ እግርህ ባዶ ይረግጣል። የድሬ አሸዋ ደግሞ ሰንሰለት ይበላል። ዘይት የጠጣ ሰንሰለት ላይ አሸዋ ሲጣበቅ እንደ ሞረድ ነው የሚያደርገው። ሰንሰለቱ ሲያረጅ ይረዝማል፣ ይላላል፣ ከዚያ ከጥርሱ ይወጣል። ያን ጊዜ የቀረህ የፊቱ ብቻ ነው። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ካለፈ በኋላ መንገዱ ላይ የሚቀረውን አሸዋ ታውቁታላችሁ። እዚያ ላይ የፊቱን አጥብቆ መያዝ መውደቅ ነው። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ቀስ ብሎ የሚይዝ የኋላ ፍሬን ያስፈልጋል።

ከዚያ ከሐረር ወደ ድሬ የሚያወርደው የደንገጎ ቁልቁለት አለ።

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፤ ድሬ 1,200 ገደማ ነው። የዚያ ከፍታ አብዛኛው የሚወርደው በደንገጎ ጠመዝማዛ ነው። የልጆቹ ፊክስድ ብዙውን ጊዜ ከፊት 46፣ ከኋላ 16 ጥርስ አለው። ፔዳሉ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 6 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከወረድክ እግርህ በደቂቃ ወደ 140 ጊዜ መዞር አለበት። ይህን የሚችል እግር አለ፤ እየዞረ ግን መግታት አይችልም። ስለዚህ ቁልቁለቱን ሙሉ የፊቱን ይዘህ ትወርዳለህ። የፊቱ ቸርኬ ይግላል። በጣም ከጋለ ካላማዳሪው ይፈነዳል። የፊት ጎማ መታጠፊያ ላይ ሲፈነዳ፣ ከኋላህ የጫት መኪና እየመጣ... መጨረስ አልፈልግም። ሁለት ፍሬን ያለው ሰው ሙቀቱን ለሁለቱ ያካፍላል፤ አንዱን ሲይዝ ሌላው ይበርዳል።

የከዚራ መንገድ ሌላ ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ሲደርስ የተቀየሰ ሰፈር ነው፤ ሜዳ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ጥላ አለው። እዚያ ብቻ የሚነዳ፣ ጫማውን አድርጎ እግሩን ያሰረ፣ የፊት ፍሬኑ የሚሠራ ልጅ ካለ የኋላው ባይኖረው አልጨቀጭቀውም። ሳይክሉን ግን ለታናሽ ወንድሙ እንዳያውስ። የ12 ዓመት ልጅ እግር ያን ፔዳል ሊገታው አይችልም። የድሬ ሳይክል ደግሞ የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም፤ ሰፈሩ ሁሉ ይነዳዋል።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ የፊቱን አስገጠመ። የኋላውን ለማስገጠም ስንሄድ ሠራተኛው ፍሬሙን ገልብጦ አሳየን፤ ማሰሪያ ቀዳዳ የለውም። ለውድድር ሜዳ የተሠሩ ፍሬሞች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። በማቀፊያ የሚታሰር ፍሬን ሊፈልግልን ቃል ገብቷል። እስከዚያ ልጁ ሐረር ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ ሳይክሉን ከተማ ትቶ በሚኒባስ ይሄዳል። ተስማምተናል፤ እናቱም ሰምታለች።