ማስተካከያ፦ የ«ዳርክ ሰን» ውሃና የመከላከያ ቁጥር

በፒያሳው የጨዋታ ምሽት የታደለው፣ በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣውን የበረሃ ዓለም «ዳርክ ሰን»ን ወደ 5ኛው የዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ (በዳይስ የሚጫወቱት የገጸ ባህሪ ጨዋታ) እትም የሚያሻግረው ወረቀት፣ ለአንድ ተጓዥ በቀን 2 ሊትር ውሃ ይበቃል ይላል። አይበቃም። የ2014 እ.ኤ.አ.ው የ5ኛው እትም ደንብ በሙቀት 2 ጋሎን፣ ማለትም 7.5 ሊትር ገደማ ይጠይቃል። ግማሹን ብቻ የጠጣ ለጽናት ፈተና ባለ 20 ገጹን ዳይስ ይወረውራል፤ ከነጭማሪው 15 መድረስ አለበት፤ ከወደቀ አንድ ደረጃ ድካም ይጨመርበታል። ከግማሽ በታች ከሆነ ያለ ፈተና ድካሙ ይጨመርበታል። ትልቁ ቀዳዳ ግን ውሃ የሚፈጥረው የ1ኛ ደረጃ ድግምት ነው፤ በአንዴ እስከ 10 ጋሎን ስለሚያወጣ አምስት ሰው ያጠጣል፣ በረሃውም በረሃነቱን ያጣል። ወይ ከልክሉት፣ ወይ ወደ 1 ጋሎን አውርዱት።

የመከላከያ ቁጥርም (ጠላትን ለመምታት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳየው) እንዳለ አይገለበጥም፤ በድሮው እትም ዝቅ ያለው ይሻላል፣ በ5ኛው ግን ከፍ ያለው። ከ20 ቀንሱት፦ 4 የነበረው 16 ይሆናል። −2 ግን 22 ስለሚሰጥ፣ በዳይሱ ላይ +5 የሚጨምር ጀማሪ ከአምስት ውርወራ አራቱን ይስታል፤ 18 ላይ አቁሙት።