የምጣድ ሽቦ የሚጠመዝዝ ልጅ ኢንኩቤተር አያቅተውም

ባለፈው ክረምት መንዝ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ያየሁት ነገር ከዓይኔ አልጠፋም። ሲስተሯ የእጅ ጓንት ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታ፣ አፉን ቋጥራ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ያለ ጊዜው ከተወለደ ሕፃን ጎን ታስቀምጣለች። ሲቀዘቅዝ ደፍታ ሌላ ትሞላለች። ሌሊቱን ሙሉ! «ማሞቂያ የላችሁም እንዴ?» ስላት «አለ፣ ተበላሽቶ ነው፣ መለዋወጫ የለውም» አለችኝ።

እሷስ የምትችለውን አደረገች። ግን ውሃው ትንሽ ከጋለ ገላውን ያቃጥላል፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ያለችውንም ሙቀት ይወስድበታል። የአራስ ልጅ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው መሆን ያለበት። በግምት አይያዝም።

እኛ እኮ ሙቀት መሥራት እናውቃለን። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሠሩ ልጆች ሸክላው ላይ ቦይ አውጥተው ሽቦውን እየጠመዘዙ ሲያስገቡ ቆሜ አይቻለሁ፤ ሲበላሽም ራሳቸው ናቸው የሚጠግኑት። ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይበላል። ባክቴሪያ የሚያድግበት ትንሽ የላብራቶሪ ሳጥን (እሱም እንደ ሕፃን ማሞቂያው ኢንኩቤተር ይባላል) ግን ሙቀት እንዳያመልጥ በደንብ ከታፈነ 60 ዋት የድሮ አምፖል ሊበቃው ይችላል (ኤልኢዲ አይሆንም፣ አይሞቅም)። ማፈኛውም ሩቅ አይደለም። ጣውላ፣ ፎም፣ ከውጭ ደግሞ የመንዝ ባና።

ዋናው ጉዳይ ቁጥጥሩ ነው። 37 ላይ ሲደርስ የሚያጠፋ፣ ሲወርድ የሚያበራ ቴርሞስታት ያስፈልጋል፤ እንቁላል መፈልፈያ ላይ የሚገጠመው ዓይነት ይሆናል። ሙቀቱ አንድ ጥግ እንዳይከማች ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ፋን ይጨመርበት።

ሕፃን አስተኙበት አልልም። ለሕፃን ከሁሉ የሚቀድመው የእናቱ ደረት ነው፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ የተጀመረው ገላ ለገላ አቅፎ የማሞቅ ዘዴ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም። ሳጥኑ መጀመሪያ ላብራቶሪ ይግባ። መሣሪያ ማጽዳትም የራሱ ጣጣ አለው፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ጀርም በደንብ ለመግደል ግን 121 ዲግሪ እንፋሎት ይፈለጋል፤ ያ ደግሞ ግፊት የሚችል ድስት እንጂ ሳጥን አይሆነውም።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግም ጤናም ያስተምራል። ተማሪዎቹ ከምጣድ ሠሪዎቹ ጋር ተቀምጠው አንድ ሳጥን ይሥሩ። ከዚያ ውስጡ ውሃ የሞላ ብልቃጥ ያስቀምጡ፣ ቴርሞሜትር ይንከሩበት፣ ሦስት ቀን በየሰዓቱ ይጻፉ። በኅዳር ውርጭ ሌሊትም 37 ላይ ከቆመ ናሙና ይግባበት።