ምስጋና ለአራስ ጠያቂው ኩባንያ

ዘመድ ድሮ ቀረ የምትሉ ሰዎች ንግግራችሁን አርሙ። ዘመድ አልቀረም፤ የዱቄት ወተት ፋብሪካ ከፈተ እንጂ። ከጥንቱ ዘመድም በብዙ ይሻላል። የጥንቱ ዘመድ ነጠላውን አጣፍቶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ የሚገባው ልጁ ተወልዶ፣ እልልታው ከተሰማ በኋላ ነው። አዲሱ ዘመድ እልልታ አይጠብቅም። ነፍሰ ጡሯ የእርግዝና መከታተያውን ስልኳ ላይ ጭና የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን ካስገባችበት ደቂቃ ጀምሮ፣ አማቷ ሳትሰማ እርሱ ሰምቷል። በ14ኛው ሳምንት «ልጅሽ ዛሬ ሎሚ አክሏል» ብሎ ያበስራታል። ከአክስቶቻችን መካከል እንዲህ ሳምንት የሚቆጥር ማን አለ?

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት አራስ አስቡ። ገንፎ ልታገነፋላት፣ አጥሚት ልታጠጣት ያሰበች እናቷ ቪዛ ተከልክላ ቀርታለች። ባሏ የሌሊት ተረኛ ነው። ሕፃኑ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይጮኻል። በዚያ ሰዓት ማን ይደርስላታል? ገና ሳትወልድ ደጃፏ ላይ የተቀመጠው ካርቶን ይደርስላታል። ካርቶኑን ስትከፍተው አንድ ጣሳ የዱቄት ወተት፣ የዋጋ ቅናሽ ኩፖን፣ «ጎበዝ እናት ነሽ» የሚል ካርድ ታገኛለች። ሁሉም በነጻ! ካርዱ ላይ የምክር መስመር ስልክ ቁጥርም አለ። ደውላ ብታለቅስ የሚያጽናናት አታጣም፤ የሚያጽናናት ሰው ደመወዙን ከማን እንደሚቀበል መጠየቅ ግን ነውር ነው።

የነጻው ጣሳ ጥበብ ይበልጥ ያስደንቃል። የእናት ጡት ወተት የሚያመርተው ሕፃኑ በጠባው ልክ ነው። ሌሊት በጡጦ የጠገበ ሕፃን ጡት አይስብም፤ ያልተሳበ ጡት ደግሞ ወተቱን ይቀንሳል። ጣሳው ባዶ በሚሆንበት ሰሞን እናትየዋ «ወተቴ አልበቃ አለው» ማለት ትጀምራለች። ሁለተኛው ጣሳ በገንዘብ ነው። ከዚያም በኋላ ያሉት እንዲሁ።

ይህ ደግነት ትናንት የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ኩባንያዎቹ በአፍሪካ፣ በእስያና በካሪቢያን ሆስፒታሎች የሚዘዋወሩ ሴቶችን ነጭ የነርስ ልብስ አልብሰው አሰማርተው ነበር። አንዳንዶቹ እውነትም ነርሶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ልብሱ ብቻ ነበራቸው። አራሷ ሐኪም የላከላት መስሏት ጣሳውን በሁለት እጇ ትቀበላለች። ቤቷ ገብታ ዱቄቱ ውድ ስለሆነባት እየቀነሰች፣ ንጹሕ ባልሆነ ውኃ ትበጠብጠዋለች፤ ሕፃኑ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ይከሳል፣ ይሞታል። ምቀኛ መቼም አይጠፋም። ሲስሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም ከዚያ አስቀድማ፣ በ1939 ሲንጋፖር ውስጥ ባደረገችው ንግግር ነገሩን «ግድያ» እስከማለት ደርሳ ነበር። በ1977 አሜሪካውያን ተነሥተው ከወተት ሻጮቹ አንዱ የሆነውን የስዊዘርላንዱን ኩባንያ የኔስሌን ምርት አንገዛም አሉ። በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ተኪዎች እንዴት መሸጥ እንዳለባቸው የሚወስን ደንብ ሲያጸድቅ 118 አገሮች ደገፉ፤ ሦስት ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ አንዲት አገር ብቻ ለደጉ ዘመድ ተሟገተች፤ አሜሪካ። ካርቶኑ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ያለ ከልካይ የሚደርሰው እንግዲህ በማን ምርቃት እንደሆነ ገምቱ።

ያም ሆኖ ደንቡ የነጭ ልብሱን ዘመን አሳጥሮታል፤ ለበጎ ሆነ! የዘንድሮዋ ነርስ የሌሊት ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን እንደነገሩ አስራ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ጠቁሮ በስልክ ካሜራ ፊት ትቀመጣለች። «እህቶቼ፣ ዛሬ እውነቱን ልንገራችሁ» ትላለች። እውነቱም ይነገራል፤ ጡቷ ቆስሏል፣ አልቅሳለች፣ ባሏ አልገባውም። ከትከሻዋ ኋላ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ይታያል። ሰሐኑ አልታጠበም፣ ፎጣው ወድቋል፤ በዚህ ሁሉ ዝርክርክ መካከል አንድ ጣሳ ብቻ ስሙን ወደ ካሜራው አዙሮ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ስለ ጣሳው ቃል አትተነፍስም። «ምን ሰጥተሽው ነው እንዲህ የተኛልሽ?» ተብላ ስትለመን ብቻ ስሙን ሹክ ትላለች። ተከፍሏት ይሆን? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! እህት እህቷን ስትመክር ደረሰኝ ይቆረጣል?

የዓለም ጤና ድርጅት ግን ደረሰኝ መቁጠር ይወዳል። በ2022 ባወጣው ሪፖርት 4 ሚሊዮን የማኅበራዊ ሚዲያ ልጥፎችን አስመርምሮ፣ የዱቄት ወተት ገጾች በቀን ወደ 90 ጊዜ እየለጠፉ 229 ሚሊዮን ሰዎች ዘንድ እንደሚደርሱ ጻፈ። ለንግድ ሳይሆን ስለ ጡት ማጥባት የሚያስተምሩት ገጾች የሚደርሱት የዚህን ሲሶ ሕዝብ ነው። አያችሁ፣ ማን እንደሚያስብልን?

ሌላው ውለታቸው፣ በሽታ መሆኑን ያላወቅነውን ሁሉ በሽታ ነው ብለው ማሳወቃቸው ነው። አያቶቻችን ሕፃን ያለቅሳል፣ ያገሳል፣ ያቀረሻል፣ ሌሊት ይነቃል ብለው ዝም አሉ። ኩባንያው ለእያንዳንዱ የየራሱን ጣሳ አዘጋጀ፤ ለሆድ ቁርጠት፣ ለማቅረሻ፣ ለሰላማዊ ሌሊት። እንግሊዝ የጨቅላውን ወተት ማስተዋወቅ ስትከለክልም አልተቀየመም። የጨቅላው ባለ ቁጥር 1 ጣሳ ከተከለከለ ከፍ ላሉት ልጆች የተዘጋጁት ባለ ቁጥር 2 እና 3 ይተዋወቃሉ፤ ቀለማቸው አንድ፣ ስማቸው አንድ፣ ጣሳው ላይ የተሳለው ድባቸውም አንድ ነው።

ጣሳውን ራሱን እየሰደብኩ እንዳይመስላችሁ። እናቱ የሞተችበት ሕፃን አለ፤ በሕመም ምክንያት ማጥባት የማትችል እናት አለች፤ ለእነርሱ የዱቄት ወተት ነፍስ ነው። እነርሱ ግን ሐኪም ያዘዘላቸውን ፈልገው ይገዛሉ፤ ሹክታም ካርቶንም አያስፈልጋቸውም። ሹክታው የሚፈልገው ጡቷ ሞልቶ ልቧ የፈራውን ነው።

ታማኝነታቸውን ደግሞ እዩ። አንዲት አሜሪካዊት ፅንሱ ጨነገፈባት፤ መተግበሪያው ላይም መዘገበችው። መዝገቡ ግን ለወተት ሻጩ አልደረሰም። ልጇ ይወለድበት በነበረው ሰሞን የዱቄት ወተቱ ካርቶን ከነመልካም ምኞቱ ደጇ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። የራሷ ዘመዶች እንኳን ቀኑን ረስተውት ይሆናል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ያላቸው ፍቅር ግን ልዩ ነው። በ2024 ፐብሊክ አይ የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት ይፋ እንዳደረገው፣ ኔስሌ ለስድስት ወር ሕፃናት የሚሸጠው ሴሪላክ የተባለው የእህል ምግብ በጀርመንና በእንግሊዝ የተጨመረ ስኳር የለውም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሸጠው ግን በአንድ ምግብ ከ5 ግራም በላይ ነበረው። ኩባንያው የየአገሩን ሕግ እንደሚያከብር ተናግሯል፤ እኛም እናምነዋለን። የጀርመን ልጅ ምን አጥቶ ነው ይህ ጣፋጭነት የተነፈገው?

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ለክርስትናው ድግስ ጥሪ ካርድ ስታሳትሙ አንድ ካርድ ለኩባንያው አስተርፉ፤ የመቀመጫ ቦታም ከክርስትና እናቲቱ ጎን ይያዝለት። አድራሻ በመንገር አትቸገሩ፤ የእናንተን እርሱ ያውቀዋል።