የአንድ ዓመቱ ደንብ ለእኛ ቤት አይሆንም

«ዓመት ሙሉ ያልተነካ ዕቃ ከቤት ይውጣ» የሚለው ምክራችሁ ለእኛ ቤት አይመችም። ትልቁ ብረት ድስት የሚወርደው ለክርስትናና ለተዝካር ብቻ ነው። በዚህ ደንብ ቢሆን ስንቴ ተጥሎ ነበር! ከዚያ ከጎረቤት መዋስ ነው።

እኔን የረዳኝ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ መያዝ ነው። ጳጉሜን ላይ ቤቱ ለእንቁጣጣሽ ሲጸዳ ከአልጋ ሥር ያሉትን ሻንጣዎች አወጣሁ። ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? የልጆቹ የጠበበ ዩኒፎርም፣ ክዳን የሌለው ፔርሙስ፣ በፌስታል የተሞላ ፌስታል። (ይሄ የሌለበት ቤት ካለ ይንገረኝ።) የሚለበሰውን ለዘመድ ልጆች ሰጠሁ። አሮጌውን ለልዋጭ ሰጥቼ ሳፋ አገኘሁ። ብረታ ብረቱንና ጀሪካኑን ቆራሌው ሊወስድ ሲል እናቴ «ይጠቅማል!» ብላ ሁለት ጀሪካን ከበር መለሰች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እሷ ናት ልክ። ዝም አልኩ።

ቡፌው ገና ነው። ለእንግዳ ተብሎ በተቀመጠው ብርጭቆ ግን አሁን በየቀኑ እየጠጣንበት ነው። ሁለቱ ተሰብረዋል፤ ቦታም ተገኘ።