ማስተካከያ፦ ስለ ዳገቱ የጻፍኩት ልክ አልነበረም

ባለፈው ስለ ኤን ስኬል (1:160፣ ማለትም ከእውነተኛው 160 ጊዜ የሚያንስ) ሞዴል ባቡር ስጽፍ፣ ሜዳ ላይ 12 ፉርጎ የሚጎትት ሎኮሞቲቭ 4 በመቶ ዳገት (በ100 ሴንቲ ሜትር 4 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ) ላይም 12ቱን ይጎትታል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። እኔን አምናችሁ ሐዲድ የዘረጋችሁ ካላችሁ ከልብ ይቅርታ።

የዘነጋሁት ክብደቱን ነው። ሎኮሞቲቩ 80 ግራም፣ እያንዳንዱ ፉርጎ ደግሞ 20 ግራም ነው እንበል፤ ሲደመር 320 ግራም ይሆናል፣ 4 በመቶ ዳገት ላይ ወደ ኋላ የሚስበው ኃይል ብቻ 13 ግራም ገደማ ነው፣ ሎኮሞቲቩ የራሱንም ክብደት ሽቅብ ይዞ መውጣት አለበትና። መንኮራኩሩ ሐዲዱን የሚይዝበት አቅም የሎኮሞቲቩን ክብደት 20 በመቶ ቢሆን ያለን 16 ግራም ነው። የቀረችው 3 ግራም ለሰበቃና ለኩርባ አትበቃም። መንኮራኩሩ ባለበት ይሽከረከራል።

ስለዚህ ከ2 በመቶ አትለፉ። 5 ሴንቲ ሜትር ለመውጣት 250 ሴንቲ ሜትር ሐዲድ ይፈጃል፤ ብዙ ቦታ ነው፣ አውቃለሁ። ቦታ ካጠረ ፉርጎ ቀንሱ፣ ዳገቱንም ጠባብ ኩርባ ላይ አታድርጉት። የጎማ ቀለበት ያለው መንኮራኩር በጣም ያግዛል፣ ግን ያ መንኮራኩር ከሐዲዱ ኤሌክትሪክ አይወስድም።