ሲሞቅ ይተወዋል

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳርቻ፣ ያገለገለ የጀልባ ሞተር ለሽያጭ ሲቀርብ ከሞተሩ ቀድሞ የሚነሳው ደላላው ነው። ውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ የተነሳው ሞተር ከታች «ቀጭ ቀጭ» ካለ «ሲሞቅ ይተወዋል» ይላል። ሞቆም ካልተወው «በርሜሉ ነው የሚያስተጋባው» ይላል። አጠገብ የቆመ ጀልባ ነጂ ሳይጠየቅ «የያማሃ ድምፅ እንዲህ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ሻጩ ጋሼ ደግሞ ልጃቸውን የሚድሩ ይመስል ዝም ብለው ይቆማሉ። ገዢው ለሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። በልቡ የካምቢዮውን (ከታች ያለውን የማርሽ ቤት) የታችኛውን ቡሎን አስፈትቶ ዘይቱን ማየት ይፈልጋል፤ ግን እንዴት ተደርጎ! «አላመንከኝም ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከካምቢዮ ዋጋ በላይ ያስፈራል።

ይሉኝታው እስኪለቅ ድረስ ጆሮ ይሥራ። ከሞተሩ የሚወርደው ዘንግ ጫፉ ላይ ትንሽ ማርሽ አለው። ይህች ትንሽ ማርሽ የፊቱንና የኋላውን ማርሽ ዘወትር ታዞራለች፤ ፍሪ ላይም (ማርሽ ሳይገባም) ቢሆን። ፕሮፔለሩ የሚዞረው በሁለቱ መካከል ያለው ጥርሳም ቀለበት ወደ አንደኛው ተንሸራቶ ሲነክስ ነው። ስለዚህ ድምፁ ፍሪ ላይም ማርሽ ውስጥም ያው ከሆነ ተጠርጣሪዎቹ ከሞተሩ የሚወርደው ዘንግ፣ ትንሿ ማርሽ፣ ዘወትር የሚዞሩት ሁለቱ ማርሾችና ኩሽኔታዎቻቸው ናቸው። ማርሽ ሲገባ ብቻ ከመጣ ቀለበቱ፣ የፕሮፔለሩ ዘንግ ወይም የእሱ ኩሽኔታ ነው። ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ከካምቢዮው ቤት፣ እጀታውን ከጆሮ ማስጠጋት ቦታውን ይለያል። ከዞሩ ጋር እየቀጠነ የሚወጣ ፉጨት ብዙውን ጊዜ ያረጀ ኩሽኔታ ወይም ክፍተቱ የተበላሸ ማርሽ ነው።

ፍሪ ላይ ሚኒሞ ሲሠራ ብቻ የሚሰማ፣ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጡት የሚጠፋ መንቀጫቀጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤና ነው። ደላላው አንዳንዴ እውነት ይናገራል፤ ክፋቱም ይኸው ነው።

በርሜል ውስጥ ብቻ ሰምቶ መግዛት ትርፉ ጸጸት ነው። በርሜሉ ለማስነሻ ይበቃል፤ ውኃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ጠፍጣፋ ክንፍ መሸፈን አለበት። «ለአንዴ ብቻ» ተብሎ በደረቁ የተነሳ ሞተር የውኃ ፓምፑን ጎማ ወዲያው ያቃጥላል። የደከመ ማርሽ ግን የሚናዘዘው ጭነት ሲያይ ነው። ያ ሁሉ የዳር ባለሙያ የሕይወት ጃኬት ለብሶ ጀልባው ላይ ይሳፈር፤ ምክሩ ባይጠቅም ክብደቱ ይጠቅማል። ነዳጅ ሲጨመር «ቋ» እያለ ከማርሽ የሚወጣ ከሆነ የቀለበቱ ጥርስ ጠርዙ ተበልቷል፤ ወይም የማርሽ ማስገቢያው ዘንግ ወይም ኬብል በትክክል አልተስተካከለም። ሞተሩ ጮኾ ጀልባው ካልሄደ ደግሞ ካምቢዮ ለመበተን አይቸኮል፤ የፕሮፔለሩ እምብርት ላይ ያለው ጎማ ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል። ከእምብርቱ እስከ ፕሮፔለሩ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ መንዳት ነው፤ ሲመለሱ መስመሩ ከተሰበረ ጥፋተኛው ጎማው ነው።

ጥርሱን የሚበላው ማን ነው? ጨዋው ካፒቴን። ገዳም ለመሳለም የተሳፈሩት እናቶች እንዳይደነግጡ ማርሹን እያባበለ፣ ቀስ አድርጎ ያስገባል። በዚያች ቀስታ የጥርሱ ጠርዝ ሳይነክስ እየተንሸራተተ ይሞረዳል። ነዳጁን ሚኒሞ ላይ አውርዶ፣ አንዴ ፈጠን ጠንከር አድርጎ ማስገባት ነው። «ቋ» ቢል እናቶቹ አንዴ ያማትባሉ፤ ማርሹ ይድናል።

አሁን ወደ ቡሎኑ። ይሉኝታን የሚያሸንፈው ይሉኝታ ነው፦ «ጋሼ፣ ዘይት ይዤ መጥቻለሁ፤ ልቀይርልዎት» ማለት። ስጦታ የሚመልስ ሻጭ የለም። ለ15 ፈረስ ጉልበት ሞተር ሩብ ሊትር ገደማ፣ ለ40ው ከግማሽ ሊትር በታች የጀልባ ካምቢዮ ዘይትና ሁለት አዲስ የቡሎን ጋርኒሲዮን ይበቃል። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ያደረ ከሆነ የታችኛው ቡሎን በቀስታ ሲላላ ቀድሞ የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውኃ ሊሆን ይችላል። ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ከወጣም ውኃ ገብቷል። በሐይቅ ላይ የተለመደው ምክንያት የመረብ ክር ነው፤ ከፕሮፔለሩ ኋላ ተጠምጥሞ የዘይት መያዣውን ጎማ ይቆርጣል። ፕሮፔለሩን አውልቆ ክር መፈለግ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የካንዴላዎቹ ሽቦ ይነቀል። ብዙ ሞተር ላይ የታችኛው ቡሎን ጫፍ ማግኔት አለው፤ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ ከያዘ የእርጅና ወግ ነው፤ በጥፍር የሚያዝ ስባሪ ከያዘ ግን ማርሽ ወይም ኩሽኔታ እየተፈረፈረ ነው።

ዘይቱ ወርቅ የመሰለ አዲስ ከሆነስ? ያን ጊዜ ነው መፍራት። ማስረጃው ትናንት ተደፍቷል፤ ወፍራም ዘይት ወይም ግራሶ ደግሞ ጩኸት ያፍናል። ሃያ ደቂቃ ያህል በጭነት ነድቶ እንደገና መክፈት ነው።

ሲሞላ ከታች ወደ ላይ ነው፤ ከላይ ቢያፈሱት አየር ይይዛል። በላይኛው ቀዳዳ ሲፈስ መጀመሪያ የላዩን፣ ቀጥሎ የታቹን መዝጋት።

ስባሪ ሳይኖር ውኃ ብቻ ከተገኘ መደራደር ይቻላል፤ የዘይት መያዣ ጎማዎቹ ተቀይረው ካምቢዮው ከ10 እስከ 15 ፒ.ኤስ.አይ የአየር ግፊት ለጥቂት ደቂቃ ከያዘ ይበቃል። ስባሪ ከተገኘ የሙሉ ካምቢዮ ዋጋ ከሞተሩ ዋጋ ይቀነስ፤ ጋሼ ካልቀነሱ አመስግኖ መሄድ ነው። ደላላው ግን ቃል አያጣም፤ ለቀጣዩ ገዢ «ዛሬ ጠዋት አዲስ ዘይት ገብቶለታል» ብሎ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል።