ምስክር ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ የጤና መድንም ይጨመርበት

ወረዳው የክረምት በጎ ፈቃደኞችን ጠርቶ ምስክር ወረቀት ሰጠ የሚለውን ዜና አንብቤ ደስ ብሎኛል። እሰይ! ይገባቸዋል።

ግን አንድ ነገር ልበል። ክረምት ላይ የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚያድሱ ወጣቶችን ካሜራም ያያቸዋል። የማይታዩት ዓመቱን ሙሉ የሚለፉት ናቸው። በእኛ ሰፈር አንዲት እናት አሉ። ጧሪ የሌላቸውን አዛውንት ጎረቤታቸውን ገላቸውን ያጥባሉ፣ አንሶላቸውን ይቀይራሉ፣ የስኳር መድኃኒታቸውን ሰዓት ጠብቀው ይሰጣሉ። ሳሙናውም ከራሳቸው ኪስ ነው። ማንም አላዘዛቸውም። እሳቸው ሲያማቸው ግን መታከሚያ ይቸግራቸዋል።

የሕፃናት ማሳደጊያ ያቋቋሙት ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናም የጀመሩት እንዲሁ በራሳቸው ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በረሃቡ ጊዜ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው ሁለት ሕፃናት ይዘው ቤታቸው ገቡ። በዚህ የተነሳ ትዳራቸው ፈረሰ። ያኔ ማን አጨበጨበላቸው? ሽልማቱና ክብሩ የመጣው ኋላ ነው።

ስለዚህ የወረዳ ኃላፊዎች እባካችሁ መጀመሪያ እድሮችን ጠይቁ። በየጓዳው ማን ማንን እንደሚጦር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከወረቀቱ ጋር ደግሞ ለእነዚህ ሰዎች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የዓመት መዋጮ ይከፈልላቸው። መድኑ ቤተሰባቸውንም ስለሚይዝ ትልቅ እፎይታ ነው። ጓንትና ሳሙና ቢጨመርበት አይበዛም። መድረክ ላይ መውጣት የሚያሳፍራቸውም አሉና ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ አመስግኗቸው።